ወፏ ጠባቂ አላት፣ የውሃ ተርብስ?



ለሚቀጥለው እትም ሽፋን ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ እንዲሳል ክበባችን ሲነጋገር ሁሉም ወፍ መረጡ። እኔ ብቻ የውሃ ተርብ አልኩ። ሳቁብኝ። ስለዚህ ሐሳቤን በጽሑፍ ላስረዳ።

የመረጧት ወፍ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ በክረምት ሆለታ አካባቢ በርጋ ረግረግ ውስጥ የምትፈለፍል ትንሽ ወፍ ናት። በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂዎቹ 250 አይሞሉም ተብሎ ይገመታል። ሣሩ ያለጊዜው ከታጨደ ወይም ከብት ከረገጠው ጎጆዋ ይጠፋል። እውነት ታሳዝናለች። ግን የበርጋ ነዋሪዎች ቡድን አቋቁመው ይጠብቋታል፤ ተመራማሪም ከውጭ አገር ሳይቀር ይመጣላታል።

የውሃ ተርብስ? በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ዓይነቶች አሏት። አንዷ ኖቶጎምፈስ ኮታሬሊ ትባላለች። የአማርኛ ስም ብፈልግላት አጣሁ! የእኛ አገሮቹ ብዙዎቹ የሚኖሩት ደጋ ላይ፣ ጫካ ባለበት ወንዝ ነው። ጫካው ሲመነጠር ውሃው ይሞቃል፣ ይደፈርሳል፤ እነሱም አብረው ያልቃሉ።

ስሟ ተርብ ይሁን እንጂ አትናደፍም። እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇ እዚያው እያደገች የቢምቢ ዕጭ ትበላለች። ክንፍ ስታወጣ ደግሞ ቢምቢዋን ራሷን እየበረረች ትይዛለች። እኛ የአዳማ ልጆች ወባን እናውቃታለን። እኔ ራሴ አምና በወባ ምክንያት አንድ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀርቻለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አዋሽ ዳር ዘመድ ጥየቃ ሄደን፣ ከአክስቴ ልጆች ጋር የውሃ ተርብ ጭራ ላይ ክር እያሰርን እንደ ሄሊኮፕተር እናበር ነበር። ጭራዋ ሲበጠስ ሌላ እንይዛለን። እናቴ እያየች ዝም አለችን። ወፍ ቢሆን ግን በአርጩሜ ነበር የምታባርረን።

ጓደኛዬ «ወፏ ብትጠፋ ይታወቃል፣ ተርቧ ብትጠፋ ማን ያውቃል?» አለኝ። እኔስ የምለው ይሄንኑ አይደል እንዴ?

ሥዕሉን ሠርቼ ለክበቡ አስረክቤያለሁ። ተርቧ መሐል ላይ ናት፤ ወፏንም ላለመጣላት ብዬ ጥግ ላይ ሣር ውስጥ አስገብቻታለሁ። የማይስማማ ካለ መልሱን ጽፎ በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ያስገባ።