የባሕርን ውኃ ስለ ማጣፈጥና በርሱ ላይ ስላሉት ሁለት ዕዳዎች

አረቄ ሲወጣ ቆሞ ያየ ሰው የባሕር ውኃ እንዴት ወደ ጣፋጭ ውኃ እንደሚለወጥ ለማወቅ ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም። ድፍድፉ በማሰሮ ሆኖ እሳት ሲነድበት እንፋሎቱ በመቃው ያልፍና በቀዝቃዛ ውኃ መካከል በተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል፤ አተላው ግን በማሰሮው ይቀራል። የባሕር ውኃም የፈላ እንደ ሆነ እንፋሎቱ ጨውን ትቶ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝም የሚጠጣ ውኃ ይሆናል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት፥ መርከበኞች በጭንቅ ጊዜ የባሕርን ውኃ እያፈሉ እንፋሎቱን በሰፍነግ እየተቀበሉ ጥማቸውን ያስታግሱ እንደ ነበር ተናግሯል። በኛም አገር በአፋር ምድር ፀሐይ ውኃውን ወስዳ ጨውን ስትተውልን አባቶቻችን አሞሌውን እየቈረጡ ሲገበያዩበት ኖረዋል። የዛሬው ጥበብ የሚፈልገው ተገላቢጦሹን ነው፤ ይኸውም ውኃውን ይዞ ጨውን መተው ነው።

ይህ የመርከበኞች ብልሃት ዛሬ የታላላቅ ከተሞች መኖሪያ ሆኗል። በተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉ ሊቃውንት በ2019 (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) እንዳስታወቁት፥ በዓለም ላይ ወደ 16,000 የሚጠጉ የማጣፈጫ ፋብሪካዎች በየቀኑ 95 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጣፋጭ ውኃ ያወጣሉ። በዱባይና በኩዌት፥ በጅዳም የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ለጌቶቻቸው ቤት ቡና የሚያፈሉበት፥ ራሳቸውም የሚጠጡት ውኃ አብዛኛው ከባሕር የወጣ ነው። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በጽሑፋችን መጨረሻ እንደምናሳየው ከደጃችንም ደርሷል።

የባሕርን ውኃ የሚያጣፍጥ ሁሉ ሁለት ዕዳ ይገባበታል፤ አንዱ የእሳቱ፥ ሁለተኛው የአተላው ነው። የመጀመሪያውን ዕዳ ፀሐይና ነፋስ ሊከፍሉት ይችላሉ። ሁለተኛውን ግን ሕግና መለኪያ ካልሆነ በቀር የሚከፍለው የለም። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ዕዳ ሲከፈል አይቶ ሁለተኛውም አብሮ የተከፈለ ይመስለዋል፤ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ይህ ስሕተት ነው።

አስቀድመን ስለ እሳቱ እንናገር። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያሉ መንግሥታት ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ስለ ተረፋቸው ውኃውን በእሳት ማጣፈጥን መረጡ። የጋለው የባሕር ውኃ የአየሩ ግፊት እየቀነሰ በሚሄድባቸው ብዙ ክፍሎች ያልፋል፤ በየክፍሉም ከፊሉ ድንገት እንፋሎት ይሆናል። ሥራው ጽኑ ነው፤ ቆሻሻ የበዛበትን ባሕር እንኳ ይችላል፤ ነገር ግን ትኵሳት ያለ ልክ ይበላል። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥበብ መጣ፤ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይባላል። በዚህኛው እሳት የለም። የባሕሩ ውኃ ከዓይነ ርግብ ይልቅ እጅግ በረቀቀ ስስ ሽፋን ላይ ከአየር ግፊት 60 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ኃይል ይገፋል፤ ውኃው ያልፋል፥ ጨው ይቀራል። አንድ ሜትር ኩብ፥ ማለት 1,000 ሊትር ውኃ፥ ለማውጣት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበቃዋል። ስለዚህ የእሳቱ ፋብሪካ እየተተወ የሽፋኑ እየበዛ ሄዷል።

ታዲያ ያ ኤሌክትሪክ ከነዳጅ ከመጣ ውኃ ለማግኘት ሰማይን ማጠየም ይሆናል። ሰማይ ሲሞቅ ዝናብ ይዛባል፤ ዝናብ ሲዛባ ደግሞ የባሕር ውኃ ፈላጊ ይበዛል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ፀሐይና ነፋስ ነው። ፀሐይን ለዚህ ሥራ ማዋልም የቈየ ነገር ነው። በቺሊ ምድረ በዳ ላስ ሳሊናስ በምትባል ስፍራ ቻርልስ ዊልሰን የሚባል መሐንዲስ በ1872 ከ4,000 ካሬ ሜትር በላይ የመስታወት ክዳን ዘርግቶ፥ ጨዋማውን የጕድጓድ ውኃ በፀሐይ እያተነነ በቀን 20,000 ሊትር ያህል ለማዕድን ቈፋሪዎችና ለበቅሎዎቻቸው ያጠጣ ነበር። በዘመናችንም በሳዑዲ ዐረቢያ በአል ኻፍጂ ከተማ በቀን 60,000 ሜትር ኩብ የሚያወጣ፥ ኤሌክትሪኩን ከፀሐይ የሚቀበል ፋብሪካ በ2018 ተመርቋል።

ነገር ግን ፀሐይ ትጠልቃለች፤ የሰው ጥም ግን ከፀሐይ ጋራ አይጠልቅም። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመት ለሰባቱ የራብ ዓመት እህል እንዳከማቸ፥ የቀኑን ትኵሳት ለሌሊት የሚያኖር ጎተራ ያስፈልጋል። የሚያስደንቀው ነገር ይህ ጎተራ ራሱ ጨው መሆኑ ነው። የሶዲየምና የፖታሲየም ናይትሬት የሚባሉት ሁለት ጨዎች ተደባልቀው በመስታወት በተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ይቀልጡና እስከ 565 ዲግሪ ድረስ ይግላሉ፤ በታላቅ ጋን ታሽገውም ትኵሳታቸውን ለብዙ ሰዓት ይጠብቃሉ። በሌሊት ያ ትኵሳት ውኃ ያፈላል፥ እንፋሎቱም የኤሌክትሪኩን መኪና ያዞራል። በዱባይ በዲሴምበር 2023 የተመረቀው ሥራ 262 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ሲኖረው፥ ትኵሳቱን እስከ 15 ሰዓት ያኖራል ተብሎ ተሠርቷል። መኪናውን አዙሮ የወጣው እንፋሎትም ኃይሉ ያለቀ ቢመስል ገና ጉልበት አለው፤ ከ70 ዲግሪ በታች በሆነ ትኵሳት የባሕርን ውኃ የሚያተን የማጣፈጫ ዓይነት አለና በዚያ ሊሠራበት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በዚህ ጎተራ የሚመካ ሰው ሁለት ነገር ያስብ። መስታወቱ የሚፈልገው ጥርት ያለ ፀሐይ ነው፤ የባሕር ዳር አየር ግን ጉምና አቧራ አያጣውም፤ መስታወቱንም ለማጠብ ያው የደከሙበት ውኃ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፥ ከትኵሳትም ከባትሪም የረከሰ ጎተራ አለ፤ እርሱም የውኃ ገንዳ ነው። በቀን ውኃውን አውጥቶ በገንዳ ቢያኖሩት ሌሊቱ ያልፋል። ታዲያ ለምን ሁሉም እንዲህ አያደርግም? ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፋብሪካ ሌሊቱን ሁሉ ተኝቶ ቢያድር ዋጋው ስለሚከብድ፥ ሽፋኖቹም መቆምና መነሣት ሲደጋገምባቸው ስለሚጐዱ ነው። በኛ አስተያየት ለትንሽ መንደር ገንዳው፥ ለታላቅ ከተማ ግን የትኵሳቱ ወይም የባትሪው ጎተራ ይሻላል፤ ነፋስ በሌሊት የሚነፍስበት አገር ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም በፊት ነፋሱን መጠየቅ ነው።

ወደ ሁለተኛው ዕዳ እንመለስ። የጠላ አተላ ለከብት ይሰጣል፤ የባሕሩን አተላ ግን የሚቀምሰው እንስሳ የለም። ከላይ ያነሣናቸው ሊቃውንት እንደ ቈጠሩት፥ 95 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጣፋጭ ውኃ በሚወጣበት ቀን 142 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጨው የበዛበት ዝቃጭ ይወጣል። ከዚህም 55 በመቶው የሚወጣው ከሳዑዲ ዐረቢያ፥ ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች፥ ከኩዌትና ከቀጠር ነው። በሽፋን የሚሠራው ፋብሪካ የሚመልሰው ውኃ ጨውነቱ ከባሕሩ ሁለት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። በእሳት ከሚሠራው የሚወጣው ደግሞ ይሞቃል፤ ከቧንቧው የተፋቀ መዳብ፥ ባሕሩን ለማጽዳት የተጨመረ ክሎሪንም ሊኖርበት ይችላል። ጨው የበዛበት ውኃ ስለሚከብድ ወደ ታች ሰጥሞ በባሕሩ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከላይ ያለው አየርም ወደ እርሱ ስለማይደርስ በዚያ ያለው ፍጥረት ይታፈናል። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ወለል ላይ የሚበቅለውን የባሕር ሣር ዱጎንግ የምትባል፥ የባሕር ላም ልንላት የምንችል እንስሳ ትመገበዋለች። ከአውስትራሊያ ቀጥሎ ብዙ ዱጎንግ ያለው በዚያ ባሕር ነው።

ባሕር ሰፊ ነው፥ ይህ ምን ያደርገዋል የሚሉ አሉ። ለእውነት መመስከር ስለሚገባ፥ ነገራቸው ፈጽሞ ባዶ አይደለም። ፀሐይ ራሷ ከዚያ ባሕር የምታነሣው ውኃ ፋብሪካዎቹ ሁሉ ከሚወስዱት እጅግ ይበልጣል፤ የባሕሩም ጨውነት ከጥንት ጀምሮ ከውቅያኖስ የበለጠ ነው። ነገር ግን የዚህ ባሕር ጥልቀት በመካከለኛ ልክ 35 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከውቅያኖስ ጋራ የሚገናኘውም በሆርሙዝ ጠባብ በር ነው። ጕዳቱም የሚበረታው በባሕሩ ሁሉ ሳይሆን ዝቃጩ በሚፈስበት ዳርቻ ነው። ዳርቻው ደግሞ ዓሣ የሚራባበት ስፍራ ነው። ከዚህም በላይ ባሕሩን የሚጠጣ ሕዝብ የባሕሩ ጤና የራሱ ጤና ነው። በ2008 እና በ2009 በዚያ ባሕረ ሰላጤ ቀይ የባሕር ሽበት በዝቶ በተነሣ ጊዜ አንዳንድ የማጣፈጫ ፋብሪካዎች ሥራቸውን ለማቆም ተገደው ነበር። ያን መቅሠፍት ያመጣው የፋብሪካ ዝቃጭ ነው አንልም፤ ሌላ ጕድጓድ የሌለው ሰው ጕድጓዱ ሲታመም ምን እንደሚያገኘው ግን ታይቶበታል።

እንግዲህ ፋብሪካው በፀሐይ ሠራ በነፋስ ሠራ፥ ዝቃጩ ያው ዝቃጭ ነው። ፀሐይ ጭሱን ታስቀራለች እንጂ ጨውን አታስቀርም። ሁለቱን ዕዳ ለየብቻ ቈጥሮ ለመክፈል የሞከረች አንዲት ከተማ እናውቃለን፤ በምዕራብ አውስትራሊያ ያለችው ፐርዝ ናት። በ2006 በክዊናና የተከፈተው ፋብሪካዋ በዓመት 45 ቢሊዮን ሊትር ያወጣል። ለሚፈጀው ኤሌክትሪክም ልክ የሚሆነውን 48 የነፋስ መዘውሮች ያሉት የኢሙ ዳውንስ ጣቢያ ለአገሩ መስመር እንዲሰጥ ተደረገ። ዝቃጩ የሚፈስበት ኮክበርን ሳውንድ የተባለው ወሽመጥ ውኃው የማይንቀሳቀስበት ወራት ስላለ፥ በወለሉ ያለው ኦክሲጅን እየተለካ፥ ከተወሰነው ሲወርድ ሥራው እንዲታገድ ሕግ ወጣ። በ2008 ኦክሲጅኑ በመቀነሱ ፋብሪካው ሁለት ጊዜ ቆሟል። እኛን ያስደነቀን መዘውሩ አይደለም፤ መዘውር ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። የተጠማ ከተማ የገዛ ውኃውን ፋብሪካ ስለ ባሕሩ ወለል ብሎ ማቆሙ ነው።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። በጅቡቲ በዶራሌ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ፋብሪካ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ ተሠርቶ በ2021 ተመርቋል። በ2023 ደግሞ በጉቤት ዳር 60 ሜጋ ዋት የሚሰጡ 17 የነፋስ መዘውሮች ሥራ ጀመሩ። አገራችንም ከ2011 ጀምሮ ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ ስትሸጥ፥ ከ2017 ወዲህ ደግሞ በሱማሌ ክልል ከሐደጋላ ተነሥቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ያህል እንዲያደርስ የታሰበ የከርሰ ምድር ውኃ ቧንቧ ተዘርግቷል። ጎረቤት ሲጠማ ማጠጣት ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ስለ ሆነ በዚህ የምናዝንበት ነገር የለም። ነገር ግን ውኃው የሚቀዳበት የሲቲ ዞን ራሱ ደረቅ ምድር ነው፤ በ2015 እና በ2016 በዚያ የደረሰው ድርቅ የአርብቶ አደሩን መንጋ ጨርሶበታል።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ ለማጣፈጥ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ፥ 100,000 ሜትር ኩብ በቀን 400,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚሠራ 17 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል ነው። በ2025 በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ከተተከለው 5,150 ሜጋ ዋት ጋራ ሲተያይ ከ300 እጅ አንድ እጅ ነው። ፋብሪካውን ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ነው፤ ዛሬ በብር ቢሰላ የከርሰ ምድሩ ውኃ እንደሚረክስም አንክድም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ የሚወጣበት ወንዝ በየክረምቱ ይሞላል፤ ከምድር በታች ያለው የደረቅ አገር ውኃ ግን ቶሎ ላይተካ ይችላል። ስለዚህ ወደ ፊት ለሚጨመረው ጥማት ከቧንቧ ይልቅ ሽቦ ብንልክ ለሁለቱም ሕዝብ የሚሻል ይመስለናል፤ የጅቡቲም ነፋስ የድርሻውን ይጨምርበታል።

ይህ የሆነ እንደ ሆነ ሁለተኛው ዕዳ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ይወድቃል። በዚያ ባሕር ከዓሣ ሁሉ የሚተልቀው፥ ሰው የማይነካው የዓሣ ነባሪ ሻርክ በየዓመቱ በክረምታቸው ወራት በአርታ ዳርቻ ይታያል። ኃይሉን የምንሸጥ እኛ ከሆንን ባሕሩ የኛ አይደለም ብለን ልንተወው አይገባንም። በሚጻፈው ውል የኪሎ ዋቱ ዋጋ ከመወሰኑ አስቀድሞ ዝቃጩ በምን ያህል ጥልቀትና በስንት አፍ ተበትኖ እንደሚፈስ፥ የወለሉን ጨውነትና ኦክሲጅን ማን እንደሚለካ፥ ከስንት ሲወርድ ሥራው እንደሚታገድ ይጻፍበት። በዚሁ ውል በሐደጋላ ያሉት ጕድጓዶች የውኃቸው ከፍታ በየወሩ እየተለካ በአዲስ አበባም በጅቡቲም በጋዜጣ ይውጣ፤ የሲቲ ሽማግሌዎችም ልኬቱ ሲወሰድ በስፍራው ይገኙ።