ፈረስን መጥረግም ትምህርት ነው

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስ ግን ገና አስበንበት የጨረስን አይመስለኝም።

መቼም ለወሎ ደገኛ ስለ ፈረስ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የወደቁት አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤልም «አባ ሻንቆ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ይሁንና የፈረስ ውለታ ለጀግና ብቻ አይደለም።

የዴንማርኳ ሊስ ሃርትል እ.ኤ.አ. በ1944 በፖሊዮ ተይዛ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆነች። ፈረስ ላይ የሚያወጣትና የሚያወርዳት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ሆኖም በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ፣ በ1956ም እንደገና፣ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ የብር ሜዳልያ አገኘች። ዛሬ በብዙ አገሮች ግልቢያ ለአካል ጉዳተኞች መርጃ ሆኗል። ምክንያቱም ፈረስ ቀስ ብሎ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ወገብ የሚያወዛውዘው ልክ ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደሚወዛወዘው በመሆኑ ነው።

ታዲያ እስቲ እንጠያየቅ፤ ነገ ቦረና ወይም ለጋምቦ ተመድበን «እግሩ አይችልም» ተብሎ ቤት የቀረ ልጅ ብናገኝ፣ በረቱ ውስጥ ስላለው ፈረስ ትዝ ይለናል?

«ቢጥለውስ? ቢረግጠውስ?» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ያለ ጤና ባለሙያ ምክር ልጅን ኮርቻ ላይ ማውጣት ድፍረት እንጂ እርዳታ አይደለም። ስለዚህም ነው ከግልቢያው እንክብካቤው ይቅደም የምለው። ባለቤቱ ገራሙን ፈረስ በለኮ ይዞ ይቁም፤ ልጁም ሰው አጠገቡ ሆኖለት ከፊት በግራ በኩል እያናገረው ይቅረብ፤ ከኋላ ግን አይጠጋ። ሰኮናውን ለባለቤቱ ትቶ አንገቱንና ትከሻውን በብሩሽ ይጥረግ፣ ጋማውን ያበጥር። ክንድን ወደ ላይ መዘርጋቱ ራሱ ስፖርት ነው። ዓይነ ስውር ልጅ ደግሞ የደረቀ ጭቃና ላብ በመዳፏ ዳስሳ ታገኛለች። ያ ሳይጠረግ ቢጫን ከኮርቻው ሥር እየፈገፈገ ገጣባ ያወጣል። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ደግሞ ይቆጣል፤ ሕፃን ቀርቶ አዋቂም አይቀመጥበትም።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚታዘንለት ልጅ አንድ ቀን እሱም ለሌላ ፍጡር ሲያስብ፣ ሥራውም ሲታይለት፣ ቤተሰቡ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ትምህርት ቤት ለመላክ የሚያቅማማ አባት ከመምህር ስብከት ይልቅ ይህ ያሳምነዋል።

መምህራኖቻችንም በልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ ባለፈረስና አንድ የእንስሳት ሐኪም ቢጋብዙልን መልካም ነው። ወጪው ቀላል ነው፤ ፈረሱ እንደሆነ ደጃችን ነው።