ሁለት ስም በአንድ ገጽ ግርጌ

ለዛሬ በሐዋሳ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ቤት ይዘናችሁ እንገባለን። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ አንድ የሥዕል ደብተር ነው። ነገር ግን አባትና ልጅን ሦስት ሳምንት ሙሉ አኳርፏል።

ቤቱ መናኸሪያ አካባቢ ነው። አባት ሱቅ አላቸው። ልጁ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እርሳስ ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በስልክ የጃፓን ኮሚኮችን፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚተረኩ ታሪኮችን፣ ማንበብ ጀመረ። የወደደውን ገጽ ደግሞ ቁጭ ብሎ በራሱ አሣሣል እንደገና ይሥለዋል። በትምህርት ቤቱ የሥዕል ውድድር ሲዘጋጅ ከእነዚህ ገጾች አንዱን አቀረበ። ግርጌው ላይ ስም ጻፈበት፤ የራሱን ብቻ። አንደኛ ወጣ። አባትም ሱቃቸው ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሲያወሩ ሰነበቱ።

በሳምንቱ አንድ የክፍል ጓደኛው ዋናውን ገጽ ከስልኩ ፈልጎ አገኘና ለተማሪው ሁሉ አሳየ። «ሌባ!» ተባለ። ሽልማቱም ተመለሰ። ወሬው ሱቅ ድረስ ሲደርስ አባት ደብተሩን ሊያቃጥሉት ተነሡ፤ እናት ቀድመው ወስደው ከዱቄት በርሜሉ ኋላ ደበቁት። እኛም ለማስታረቅ የተጠራነው ይኼን ጊዜ ነው።

«ወንድሞቼ፣ ልጄ በሰው ፊት አዋረደኝ» አሉን አባት። ልጁ አንገቱን እንደደፋ፣ «ጋሼ፣ የሌላ ሰው መሆኑን ብጽፍ ማን ያየኛል ብዬ ነው» አለ።

ደብተሩንና ዋናውን ገጽ ጎን ለጎን አድርገን ተመለከትን። የጃፓን ኮሚክ እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ለአማርኛ አንባቢ ለማስማማት የሥዕሎቹን ቅደም ተከተል ማዞር ያስፈልጋል። ድሮ በሌሎች አገሮች የታተሙ ብዙ ትርጉሞች ገጹን በመስተዋት እንደታየ አድርገው ይገለብጡት ስለነበር፣ ቀኝ እጁን የሚጠቀመው ሰው ሁሉ ግራኝ ሆኖ ይወጣ ነበር። በዚህ ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ልጅ ሩዝ ይበላል። የኛ ልጅ ገልብጦ ቢያበቃ ኖሮ ያ ልጅ በግራው በላ ማለት ነው! እሱ ግን እጁን እንደገና ሣለው፤ ሩዙንም በዳቦና በዐሣ ለወጠው። የቶኪዮው ጠባብ መንገድ አሞራ ገደል ሆኗል። ጀልባ አለ፣ መረብ አለ፣ የዐሣ አንጀት እስኪጣልላቸው ቆመው የሚጠብቁ አባ ኮዳዎችም አሉ።

ይህ ሁሉ የልጁ ሥራ ነው። ነገር ግን ታሪኩ የሌላ ሰው ነው። ገጹ በስንት ሥዕል እንደተከፈለ፣ የትኛው ሥዕል ትልቅ የትኛው ትንሽ እንደሆነ፣ ልጁ ፊቱን የሚያዞርበት ቅጽበት የቱ ጋ እንደመጣ፣ ይህን ያሰበው ሌላ ሰው ነው። ታዲያ ልጁ ሠዓሊ ነው ወይስ ሌባ?

መልስ ከመስጠታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። የሕያው ፍጡርን ምስል መሣልን በተመለከተ ዑለሞች የተለያየ አቋም እንዳላቸው ይታወቃል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ። የዛሬው ጉዳያችን ስለ አማና ነው።

የሌላውን ሥዕላዊ ታሪክ በራስ እጅ ደግሞ መሣል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች የገባ ሰው፣ በጨርቅ ወይም በብራና ላይ በረድፍ በረድፍ የተሣለውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ሳያይ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ 44 ሥዕሎች አሉት፤ ከሥራቸውም በአማርኛ አጭር ጽሑፍ ይጻፋል። ትረካው ከክብረ ነገሥት የመጣ ነው፤ እኛ ሙስሊሞች ደግሞ የሰበእን ንግሥትና የነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ከሱረቱ ነምል እናውቀዋለን። ታዲያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች ይህንኑ ታሪክ አንዱ ከሌላው እየተመለከተ ደጋግመው ሥለውታል። የትዕይንቶቹ ተራ ያው ነው፤ ዓይኑ፣ ልብሱ፣ ቀለሙ ግን እንደ ሠዓሊው ይለያያል። ታሪኩ የሁሉም የጋራ ቅርስ በመሆኑም «የኔን ሰረቅህ» የሚል አልነበረም።

በእስልምና ሥልጣኔ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ሥርዓት ነበር። የዐረብኛ ቁም ጽሕፈት ተማሪ መምህሩ የሰጡትን ናሙና ፊቱ አድርጎ ለዓመታት ይገለብጣል፤ ይህም መሽቅ ይባላል። የበቃ እንደሆነ የአንድ ቀደምት ሊቅ ሥራ ገልብጦ ያቀርባል፤ መምህሩም ከሥሩ ኢጃዛ፣ ማለትም ፈቃድ፣ ይጽፉለታል። በገዛ ስሙ መፈረም የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። የአንድን ታላቅ ጸሐፊ ሥራ አስመስሎ የሚጽፍ ሰውም የዚያን ሰው ስም ከራሱ ስም ጋር ያሰፍር ነበር። ልብ በሉ! መገልበጡ ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም ዋናው ትምህርት ቤት እሱ ነበር።

ስሙ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ ከአሜሪካ እንጥቀስ። ሮይ ሊክተንስታይን የተባለ ሠዓሊ በ1963 እ.ኤ.አ. «ዋም!» የተሰኘ ከ4 ሜትር በላይ ስፋት ያለው የተዋጊ አውሮፕላን ሥዕል ሠራ። መነሻው በ1962 እ.ኤ.አ. በአንድ የጦርነት ኮሚክ ላይ የወጣ የኢርቭ ኖቪክ ሥዕል ነበር። ሸራውን በ1966 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ቴት ሙዚየም ገዛው። ሊክተንስታይን ሥዕሉን አሻሽሎታል፣ አዲስ ነገር አድርጎታል የሚሉ አሉ፤ እውነትም ያለወጠው ነገር የለም አይባልም። ግን እስኪ እንጠይቅ፤ ዛሬ «ዋም!»ን ከሚያውቁት ውስጥ የኖቪክን ስም የሚያውቁ ስንቶች ናቸው? ያ ሰው በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በገጽ እየተከፈለው፣ ቤተሰብ ሲያስተዳድር የኖረ ሠራተኛ ነው። የሠራተኛን ድካም መደበቅ እንዴት ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል?

የአገራችንም ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው ሥራውን ራሱ የማባዛት፣ የመተርጎምና ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት፣ እንዲሁም ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። የገንዘብ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ መገልበጥ ግን አይከለከልም። እንግዲህ ልጅ በቤቱ ለመማር ደብተሩ ላይ ቢሥል የሚያስወቅሰው የለም። አትሞ ልሽጥ፣ ልወዳደርበት፣ ልታወቅበት ሲል ግን የባለቤቱ ጉዳይ ይመጣል። ስም መጥቀስ ከውሸት ያድናል፤ ለመሸጥ ግን ስም መጥቀስ ብቻ አይበቃም፣ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለአባትም ለልጅም ነገርናቸው። ልጁን እንዲህ አልነው፦ «እጅህ አልሰረቀም፤ ያጠፋው ግርጌው ላይ የጻፍከው ነው።» አባትን ደግሞ፣ «ጥፋቱ አንድ መስመር ነው፤ ስለ አንድ መስመር ደብተር ሙሉ አይቃጠልም» አልናቸው። አባት ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ደብተሩ እንዲመጣ ጠየቁ። እናት ዱቄቱን አራግፈው አመጡት።

ልጁ በማግስቱ ገጹን ይዞ ወደ መምህሩ ሄደ። ግርጌው ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ነበር፤ በመጀመሪያው የዋናውን ሠዓሊ ስምና የመጽሐፉን ርእስ፣ በሁለተኛው «ከዚህ ገጽ ደግሞ የሣለው» ብሎ የራሱን ስም። ክፍሉን ይቅርታ ጠየቀ። ሽልማቱ አልተመለሰለትም፤ መመለስም አልነበረበትም። መምህሩ ግን ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ሰቅለው ተማሪዎቹ ልዩነቱን እንዲፈልጉ አደረጉ። የበላበትን እጅ መጀመሪያ ያስተዋለው ያው «ሌባ!» ያለው ጓደኛው ነበር አሉን።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ የሌላውን ሥዕል ሲገለብጥ ብታዩት አትቆጡ። «ይህ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ስሙንም እንዲጽፍ አድርጉ። ወጣቶችም በመገልበጥ ተማሩ፤ ሆኖም እዚያው አትቅሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. በኢታን ኮሚክስ የወጣው «ጀምበር» አዲስ አበባን መቼቱ አድርጎ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል። የሐዋሳ ሐይቅም የራሱን ታሪክ የሚሥልለት ይፈልጋል። ያን ጊዜ ግርጌው ላይ አንድ ስም ብቻ ብትጽፉ ማንም አይጠይቃችሁም።

አላህ (ሱ.ወ.) እጃችንንም ምላሳችንንም ለአማና የታመኑ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።