ኩሬው በሚያዝያ ይለካ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በደጀን ከተማ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ስለ ጓሮ ኩሬ ጥቂት እንድናገር እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን የወጥ ቤት ግድግዳ አፍርሷል፤ ጥፋቱም የእኔው ነው።

ኩሬዬ ርዝመቱ 6 ወርዱ 5 ሜትር ሲሆን፣ ከጣራዬና ከመንገዱ የሚወርደው ውኃ ይገባበታል። ትርፉን የሚያወጣ ትንሽ ቦይ ነበረው። እኔ ግን ስስት ይዞኝ በሐምሌ መጨረሻ ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈንሁት። በነሐሴ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሳያባራ አደረ፤ ኩሬው ሞላና ዝቅ ባለው በጎረቤቴ በኩል ጥሶ ወጣ። ጎረቤቴ አሮጊት እናት ናቸው። ማለዳ ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ፣ «መምህር፣ ግድግዳውስ በጭቃ ይመለሳል፤ ምጣዴ ግን ተሰበረ» አሉኝ። ምጣድ ገዛሁላቸው፤ ግድግዳውንም ሁለት ቅዳሜ ውዬ መረግሁት።

ከዚያ ወዲህ የትርፍ ውኃ መውጫውን ከኩሬው አፋፍ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ፣ እንዳይሸረሸር ወለሉን በድንጋይ ነጥፌ ወደ መንገዱ ቦይ አስገባሁት። በመግቢያውም በኩል ደለል የሚቀርበት ትንሽ ጉድጓድ ቆፈርሁ፤ ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ቁጥር በአካፋ እጠርገዋለሁ። ኩሬው ሲሞላ መግቢያውን በቆርቆሮ ቁራጭ እዘጋና ጎርፉ በውጭ ያልፋል። የሰኔን የመጀመሪያ ጎርፍማ ጭቃና እበት ስለሆነ ከነጭራሹ አላስገባውም።

የበጋው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በጥር ወር ምልክት ያለበት እንጨት ተክዬ፣ ለ10 ቀን አንድ ጣሳ እንኳ ሳይቀዳ ብለካው ውኃው 6 ሳንቲ ሜትር ወርዶ አገኘሁት። ሲሰላ በየቀኑ 180 ሊትር፣ ማለት 9 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ከፊሉን ፀሐይና ከዓባይ በረሃ የሚወጣው ነፋስ፣ ከፊሉን መሬቱ ይጠጣዋል። የአገራችን ዋልካ ሲረጥብ ውኃ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፤ የሚቀጥለውም ክረምት መጀመሪያ ውኃ በስንጥቁ ይሰርጋል። ስለዚህ በታች ያለውን የመጨረሻ ስንዝር አልቀዳም።

ይህን ሁሉ መጻፌ ወደ መሥሪያ ቤት ሰዎች ለመድረስ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችንም በሌሎችም ክልሎች በየገበሬው ጓሮ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ በዘመቻ ተቆፍሮ ነበር፤ ብዙዎቹም ፕላስቲክ ተነጥፎባቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ፕላስቲካቸው ተቀዶ ወይም ደለል ሞልቷቸው ያለ አገልግሎት ቀሩ። ገበሬውን ሰነፍ ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን የተማርሁ ነኝ ባዩ እንኳ መውጫውን ደፍኜ ጎረቤት አፍርሻለሁ።

እኔ ያየሁት የሪፖርት ቅጽ የሚጠይቀው የተቆፈረውን ኩሬ ብዛት ብቻ ነው። የመግቢያውን፣ የመውጫውንና የእሾህ አጥሩን ነገር አያነሣም፤ አጥር የሌለው ኩሬ ደግሞ ለሕፃናት አደጋ ነው። በዚያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር አመለክታለሁ፤ «በሚያዝያ መጀመሪያ በኩሬው ያለው የውኃ ጥልቀት» የሚል። ለመለካቱ አንድ እንጨት ይበቃል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሠፈራችንን ኩሬዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ለክተው ይመለሳሉ፤ ቅጹ ከደረሰኝ እኔው አብሬአቸው እዞራለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር፣ ከደጀን