ሮልስ ሮይስ ለማን ይመሰክራል?



በደሴ መንገዶች ላይ ሮልስ ሮይስ አይተናል የሚል ሰው ከመካከላችን የለም። ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ የሚያደርሰን ባጃጅ ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ አውርዶ ኮምቦልቻ የሚያስገባን ሚኒባስ ነው፤ "ትልቅ ሰው መጣ" የሚያሰኘው ደግሞ ቪ8 ነው። የሮልስ ሮይስ ስም ግን በመካከላችን አለ። በየስልካችን በሚዘዋወሩ ስብከቶች ውስጥ አለ፤ ከውጭ አገር ሰባኪዎች ተቀድተው በመድረኮቻችን በሚነገሩ ምሳሌዎች ውስጥም አለ። "አባትህ ንጉሥ ሆኖ አንተ ለምን በእግርህ ትሄዳለህ?" ይባላል። "የልዑል ልጅ የልዑል ልጅ በሚመጥነው መኪና ይሂድ!" ይባላል። ጉባኤውም "አሜን!" ይላል።

እኛ ለዚህ አሜን ማለት አልቻልንም። መኪና ስለምንጠላ ወይም ባለጠጋ ወንድማችንን ስለምንቀና አይደለም። በመኪና ስም የእግዚአብሔርን ሞገስ መለካት ሐሰት ስለሆነ ነው። ይህን ሐሰት ለመመርመር ደግሞ የወሎ ሰው ከሌላው ይልቅ ምክንያት አለው። የዓለም ምርጥ የተባለው መኪናና የወሎ ረሃብተኛ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር ኖረዋልና።

በመጀመሪያ ለመኪናው የሚገባውን ክብር እንስጠው። ሄንሪ ሮይስ ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ የሞተበት፣ ጋዜጣ እየሸጠና ቴሌግራም እያደረሰ ያደገ እንግሊዛዊ ነው። ቻርልስ ሮልስ ደግሞ የመኳንንት ልጅ፣ በኬምብሪጅ የተማረ፣ መኪና ሻጭ ነበር። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1904 ማንቸስተር ከተማ ውስጥ ሚድላንድ በተባለ ሆቴል ተገናኙ፤ ሮይስ ሊሠራ፣ ሮልስ ሊሸጥ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1907 "ሲልቨር ጎስት" የተባለው መኪናቸው በለንደንና በግላስጎው መካከል እየተመላለሰ ከ14 ሺህ ማይል በላይ በመጓዝ ተፈተነ። "የዓለም ምርጥ መኪና" የሚለው ዝናም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ተከተለው።

ልብ በሉ፤ ይህ ዝና የመጣው አባት አልባ ሆኖ ያደገ ሰው እያንዳንዷን ክፍል ደጋግሞ ፈትሾ በመሥራቱ ነው። ማንኛውንም ሥራ ለጌታ እንደሚደረግ አድርገን ከልባችን እንድንሠራ ጳውሎስ ያስተማረንን (ቆላ. 3፥23) የምናስብ ከሆነ ከሮይስ ትጋት የምንማረው አለን። በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ላይ የሚቆም ወንድም፣ በየጋራዡ ዘይት የነካው ቱታ ለብሶ የሚውል ወጣት ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት አለው። ግን የመኪናው ጥራት የሚመሰክረው ስለ ሠሪው እጅ ነው። ኋላ ስለሚቀመጠው ሰው ልብ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

ይህን ለማረጋገጥ እነማን እንደ ተቀመጡበት እንይ። የሩሲያው የአብዮት መሪ ሌኒን፣ አምላክ የለም ባዩ፣ በሮልስ ሮይስ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት መንደር የመሠረተው ሕንዳዊው የሃይማኖት መሪ ራጅኒሽ በተከታዮቹ ገንዘብ የተገዙ 93 ሮልስ ሮይሶች ነበሩት። የብልጽግና ስብከትን በአሜሪካ ካስፋፉት አንዱ የሆነው ሬቨረንድ አይክም በሮልስ ሮይሶቹ የታወቀ ነበር። እንግዲህ መኪናው የእግዚአብሔር ምስክር ከሆነ ክርስቶስን ያልተከተለው ራጅኒሽ ከእኛ አገልጋዮች ሁሉ 93 ጊዜ የተባረከ ነው ማለት ነው! ይህን የሚቀበል ክርስቲያን አለን? ከሌለ ምልክቱን ከመድረካችን እናውርደው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሮልስ ሮይስን ጨምሮ ብዙ ቅንጡ መኪኖች ነበሯቸው። በእነዚያው ዘመናት የወሎ ዝናብ ከዳ። ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ ቀጥሎ የቤቱን ዕቃ ሸጠ፤ በ1965 ዓ.ም. ከራያና ቆቦ፣ ከየጁ፣ ከአምባሰል እየተነሣ ወደ አስፋልቱ ወረደ። አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ የተጓዙትን ፖሊስ መለሳቸው። የሟቹን ቁጥር አጥኚዎች በተለያየ መንገድ ይገምታሉ፤ ዝቅተኛው ግምት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ከፍተኛው እስከ 200 ሺህ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነውን ደግሞ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። በዚያ የረሃብ ዓመት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ረሃብተኛው የሞተው ገበያ ላይ እህል ስለ ጠፋ ሳይሆን መግዣ ስላልነበረው ነው። እህል የጫነው መኪናና የሚበላ ያጣው ሰው በአንድ መንገድ ይተላለፉ ነበር። ነቢዩ አሞጽ በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ ተኝተው ስለ ወገናቸው ጥፋት ስላልታመሙ ሰዎች ሲናገር (አሞጽ 6፥4-6) የእኛን መንገድ ያየ ይመስላል።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አቀረበው። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ሮልስ ሮይሱ እዚያው ግቢ ቀረ። ዙፋንን አላተረፈም፤ የወሎንም ልጅ አላተረፈም።

ይህን የምንጽፈው በአረጋዊ ንጉሥ ለመሳለቅ አይደለም። ቮልስዋገኗን ያመጡትንም አይተናልና። እነርሱ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብሩ ወሎ እንደ ገና በረሃብ እያለቀ ነበር። የመኪናው ስም ተለወጠ፤ የሰው ልብ ግን እንዳለ ቆየ። ስለዚህ ርካሽ መኪና መንዳት ጽድቅ ነው ብለን አንሰብክም። በእግሩ የሚሄድ ሰውም ልቡ በገንዘብ ፍቅር ሊነድ ይችላል። በባጃጅም በሮልስ ሮይስም የሚሄደው ያው ኃጢአተኛ ሰው ነው፤ ሁለቱንም የሚያድነው የክርስቶስ ደም ብቻ ነው።

የመኪናውስ ዝና ራሱ ምን ሆነ? ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1971 በአውሮፕላን ሞተር ሥራ ከስሮ በመንግሥት እጅ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የመኪና ፋብሪካውን የገዛው ማን መሰላችሁ? ቮልስዋገን! በስሙ የመጠቀምን መብት ግን ሌላው የጀርመን ድርጅት ቢ ኤም ደብሊው በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። ፋብሪካው ለአንዱ፣ ስሙ ለሌላው ሆነ። ይህን ያህል የሚሸጥና የሚለወጥ ስም ነው እንግዲህ የዘላለም አምላክ ሞገስ ማረጋገጫ ተደርጎ የሚሰበክልን።

"ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?" የሚል ይኖራል። የሚያገናኘንን እንናገር። በከተሞቻችን በፋብሪካ ፈረቃ እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ እናት አለች። የወር ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለጤፍ አይበቃም። እሑድ ጉባኤ ትመጣለች፤ ከመድረክ "ዘንድሮ የመኪና ቁልፍ በእጅህ ያልገባ እምነትህን መርምር!" ሲባል ትሰማለች። በውስጧ ምን ትላለች? "እግዚአብሔር እኔን አይወደኝም" ትላለች። ወይም ለልጇ ደብተር ያስቀመጠችውን ብር "ዘር" ብላ ትሰጥና ባዶ እጇን ትመለሳለች። የሰበከው ሰው ለእርሷ ተጠያቂ ነው። ዝም ያልነው እኛም ተጠያቂዎች ነን።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ቅዱሳን ልጅ አዝለው በእግራቸው ወጡ! መኪና የነበረው በመኪናው ወጣ፤ ያልነበረው በእግሩ ሄደ። ጌታ ከመኪናው ጋር ብቻ ነበር የሚል ማን ነው? በእግራቸው የሄዱት ይመስክሩ! በየመንገዱ እንጀራውን የቆረሰላቸው፣ በሩን የከፈተላቸው ሰው የጌታ እጅ ነበር። እንዲህ ያለውን ምስክርነት መድረኮቻችን ጊዜ ሰጥተው ሰምተውታልን? ወይስ "መኪና ተሰጠኝ" ለሚለው ብቻ ነው ማይክ የምናቀብለው?

ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካሙን ስፍራ ሰጥቶ ድሃውን "ከእግሬ በታች ተቀመጥ" የሚለውን ጉባኤ በብርቱ ቃል ገሥጿል (ያዕ. 2፥1-9)። ዛሬ ቀለበቱ ቁልፍ ሆኗል። በቪ8 የመጣው ከፊት ይቀመጣል፤ ሠርጉን የጉባኤው መሪዎች በሙሉ ያደምቁታል። በእግሩ የመጣው ቢታመም ጠያቂ ያጣል። በደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ "አይጠየፍ" ነው። ድሃና ሀብታም ሳይለይ ሰው የሚበላበት ነውና እንዲህ ተባለ። አንድ ምድራዊ ንጉሥ አዳራሹን "አይጠየፍ" ካለው፣ በክርስቶስ ስም የተሰበሰበ ጉባኤ የሚጠየፍ ከሆነ ነውሩ የማን ነው? ቦሩ ሜዳንም አስቡ። የዛሬው ሆስፒታል መነሻው የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ሰው የሸሸውን የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ተቀብለው ያከሙበት ስፍራ ነው። የወንጌል መልካም ስም የተገነባው የተናቀውን ሰው በእጅ በመንካት ነው።

"አብርሃም ባለጠጋ አልነበረምን?" ትሉን ይሆናል። ነበረ። ነገር ግን እንደ ጽድቅ የተቆጠረለት እምነቱ እንጂ ግመሎቹ አይደሉም። ሰሎሞንም 1,400 ሰረገሎች ነበሩት (1ኛ ነገ. 10፥26)፤ እግዚአብሔር ግን ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ አስቀድሞ አዝዞ ነበር (ዘዳ. 17፥16)፤ የሰሎሞንም ልብ በመጨረሻ ወዴት እንደ ሄደ እናውቃለን። የነገሥታት ንጉሥ ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በአህያ ውርንጫ ነው፤ ውርንጫውም የተዋሰው ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ በሰረገላ ስለ ሄደ የአገራችን ሰውም ይነግረናል። የሕንደኬ ባለሟል በሰረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር (ሐዋ. 8፥26-39)። ፊልጶስ ሰረገላውን አይቶ "ተባርከሃል" አላለውም። የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ከዚያም ስለ ታረደው በግ፣ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ጃንደረባው በደስታ መንገዱን የቀጠለው ውሃ ባገኘበት ቦታ ሰረገላውን አስቁሞ ወርዶ ከተጠመቀ በኋላ ነው። ባለ መኪና ወንድሞቻችን ሆይ፣ ከእናንተ የምንሻው ይህንኑ ነው። መኪናችሁን ሽጡ አንላችሁም። የታመመችውን እህት ወደ ሐኪም አድርሱበት፤ ጉባኤ ስትደርሱ ግን ክብራችሁን ከመኪናው ጋር ውጭ አቁሙት።

አገልጋዮች ሆይ፣ በጌታ ፍቅር እንለምናችኋለን። ለመኪና መግዣ ከድሃ "ዘር" አትሰብስቡ። የምትነዱት መኪና የምእመናን ገንዘብ ከሆነ ሒሳቡ በግልጥ በጉባኤ ፊት ይነገር። ምስክርነት ሲሰጥ በመከራ የጸናውንም ከማይኩ ፊት አቁሙት።

ኢየሱስን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን ሆይ፣ በመድረክ ላይ በሰማችሁት የመኪና ወሬ ተሰናክላችሁ ከሆነ ከመድረኩ አልፋችሁ ወደ እርሱ ኑ። ባለጠጋ ሳለ ስለ እናንተ ድሃ ሆኗል (2ኛ ቆሮ. 8፥9)። ከስም ሁሉ በላይ የሆነው ስሙ (ፊልጵ. 2፥9) በ40 ሚሊዮን ፓውንድ አይሸጥም፤ ለሚጠራው ሁሉ በነጻ ተሰጥቷል። ያለ መኪና፣ ያለ "ዘር"፣ እንዳላችሁ ጥሩት።

ጌታ ሆይ፣ በሰረገላ መመካትን ከቤትህ አስወግድ። በእግሩ የሚመጣውን ወንድማችንን የምናይበት ዓይን ስጠን። አሜን።