ትንሿ ተሳቢ ከጣርማ በር በፊት

የዚህ ወር ጉዳያችን ከመዘዞ የመጣ ነው። የከበረ ድንጋይ ነጋዴዎች በኦፓሏ የሚያውቋት፣ ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚያስገባው መንገድ ላይ ያለችው መዘዞ። እዚያ የሚኖሩ ባልና ሚስት ከአሮጌ ፒክአፓቸው ኋላ የሚጎትቷት ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ተሳቢ አለቻቸው። ድንችና ገብስ፣ አንዳንዴም የባሕር ዛፍ አጣና ጭነው ደብረ ብርሃን ያደርሱባታል። ባልየው የደወሉልኝ ለተሳቢዋ ፍሬን ማስገጠም ያዋጣ እንደሆነ ሊጠይቁ ነበር። መሀል ላይ ባለቤታቸው ስልኩን ተቀበሏቸውና ዋናውን ነገር ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ይቺ ነገር ከኋላ ስትጨፍር መኪናውን ጭምር ይዛው ትዞራለች። ካልተስተካከለች እኔ ሁለተኛ አልሳፈርም፤ ልጆቹንም አላሳፍርም።»

ፍሬኑን ለጊዜው እንተወውና፣ ክብደቱ የሚያርፈው የት ላይ ነው አልኳቸው።

ጋሪ የነዳ ሰው የዚህን ጥያቄ መልስ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካጋደለ የጋሪው ዘንጎች ወደ ላይ ይነሱና የሆዱ ጠፍር ፈረሱን ሰቅዞ ይይዘዋል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ጀርባውን ይጫነዋል። ስለዚህ ባለጋሪው ጆንያውን ገፋ ሳብ ያደርጋል፤ እሱም ራሱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ፈረስ ሲከብደው ያሳያል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ይጥላል። መኪና ግን 20 እና 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እያለ ምንም አይልም፤ የሚናገረው 80 ሲገባ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ በጫጫና በሸኖ በኩል ሜዳው ሰፊ ነው፣ እግርም ነዳጅ ላይ ይከብዳል። አንድ አውቶቡስ በጎን ሽው ብሎ ሲያልፍ ነፋሱ ተሳቢዋን ትንሽ ይገፋታል። ክብደቷ ከአክስሉ ኋላ ከሆነ ጭራዋ ወደ አንድ ጎን ሲወረወር አፍንጫዋ የመኪናውን ቂጥ ወደ ሌላው ጎን ይገፋዋል። ከዚያ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትወረወራለች። ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ በላይ ከሆነ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው ይበልጣል፤ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ሾፌሩ መሪውን ያጣዋል። ክብደቷ ከአክስሉ ፊት ከሆነ ግን ውዝዋዜው በራሱ እየሞተ ይሄዳል።

የመዘዞዋ ተሳቢ ካሶኒዋ 2 ሜትር ርዝመት አለው። በያጁ አክስሉን ልክ መሀል ላይ፣ ከፊትም ከኋላም 1 ሜትር አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ለዓይን ያምራል፤ አብዛኞቹ ቤት ሠራሽ ተሳቢዎችም እንዲሁ ናቸው። ሒሳቡን እንየው። ተሳቢዋ ባዶዋን 100 ኪሎ ገደማ ናት፤ 5 ኩንታል ድንች ሲጫንባት 600 ኪሎ ትሆናለች። ጭነቱ እኩል ከተደረደረ ሚዛኑ አክስሉ ላይ ያርፍና ጋንቾው ላይ የሚወርደው ክብደት ከዜሮ ብዙም አይርቅም። አጣና ሲጫን ደግሞ ይብሳል፤ ጫፉ ከካሶኒው ኋላ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚወጣ ተሳቢዋ የመኪናውን ኋላ ወደ ላይ ታነሳዋለች። የመኪናው የኋላ ጎማ መንገዱን በደንብ አይቆነጥጥም ማለት ነው። እናትየው «ስትጨፍር» ያሉት ይህንን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ደንብ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ነው። አውሮፓውያን ከዚህ ባነሰ ይሠራሉ፤ መንገዳቸውም፣ የተሳቢያቸው ቅርጽም፣ የፍጥነት ገደባቸውም ለየት ይላል። ለእኛ ቤት ሠራሽ ተሳቢ እኔ 10 በመቶን እመርጣለሁ፣ የመኪናው መመሪያ ለጋንቾው ከፈቀደው እስካላለፈ ድረስ። ለመዘዞዋ 60 ኪሎ መሆኑ ነው።

እንዴት ይገኛል? አክስሉን ወደ ኋላ በመግፋት። ከካሶኒው ፊት 1 ሜትር ላይ የነበረውን 1 ሜትር ከ25 ላይ አደረግነው። ከጋንቾ እስከ አክስል ያለው ርቀትም 2 ሜትር ተኩል ሆነ። የጭነቱ መሀል ከአክስሉ 25 ሳንቲ ሜትር ቀደመ፤ 600 ኪሎ በ25 ተባዝቶ ለ250 ሲካፈል 60 ኪሎ። የተለወጠው ይኸው 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ወጪው የባሌስትራውን መያዣ ማስቆረጥና እንደገና ማስበየድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን በያጁ አጠገብ ቆማችሁ ሦስት ነገር ተከታተሉ። መጀመሪያ፣ ብየዳ ሲጀመር ተሳቢው ከመኪናው ተፈትቶ፣ የመብራቱ ሶኬትም ተነቅሎ ይሁን፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ የመኪናውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛ፣ የአክስሉን ቱቦ መሀል ላይ አይንኩት። የሚቆረጠውና የሚበየደው የባሌስትራው መያዣ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚንቀው ነው፦ ከጋንቾው መሀል እስከ ግራና እስከ ቀኝ ጎማ ሞዞ በሲባጎ ለኩ። ሁለቱ ልክ እኩል ካልሆኑ ተሳቢው እንደ ሸርጣን በጎን ይሄዳል፤ ጎማም ይበላል። አንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፣ አይደለችም።

እግረ መንገዴን፣ ጋንቾ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን እያልን የምንጠራቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጣርማ በርን ዋሻ የፈለፈሉትም በ1930ዎቹ የመጡት ጣሊያኖች ናቸው። ስለ ተሳቢ ማውራትና ስለዚያ መንገድ ማውራት በአንድ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ዘንጉ፣ ማለትም ካሶኒውን ከጋንቾው ጋር ስለሚያገናኘው ብረት። ዘንግ በረዘመ ቁጥር ተሳቢው የረጋ ይሆናል፤ ወደ ኋላ መንዳትም ይቀላል። ነገር ግን ሲረዝም ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ይቀንሳል፦ የኛው 60 ኪሎ ዘንጉ በግማሽ ሜትር ቢረዝም 50 ይሆናል። ስለዚህ ያስረዘመ ሰው እንደገና ይመዝን። ጫፍ ለጫፍ አስበይዶ ማስረዘም ግን ለምንም አይበጅም። ቀጥ ያለ አንድ ወጥ ወፍራም ቱቦ ከጋንቾ ተነስቶ በካሶኒው ሥር እስከ አክስሉ አካባቢ መዝለቅ አለበት። ካሶኒው የፊት ጠርዝ ላይ ብቻ ተለጥፎ የቀረ ዘንግ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ እዚያው ብየዳው ጋ ይቆረጣል።

ለመመዘን የፋብሪካ መሣሪያ አያስፈልግም። ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን አለ። ተሳቢውን እንደ ልማዳችሁ ጫኑት፣ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት፣ ጎማው ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አድርጉ። ከመኪናው ፍቱትና የዘንጉን አፍ ሚዛኑ ላይ በቆመ አጭር ግንድ ላይ አሳርፉት። ግንዱ ዘንጉን መኪናው ላይ በሚኖረው ከፍታ ላይ የሚያቆም መሆን አለበት። የግንዱን ክብደት ቀንሳችሁ ቀሪውን አንብቡ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ ልጆች ግን ከአካባቢው ይራቁ።

ጋንቾው ኳስ ዓይነት ከሆነ ልኩን ፈትሹ። የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። 47.6 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሜሪካ ኳስም ገበያ ላይ ይገኛል፤ በዓይን አይለዩም። ትንሹ ኳስ በትልቁ አፍ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ጉድጓድ ሲመታ ግን ብድግ ብሎ ይወጣል። ለዚህም ለሌላውም ሁለት ሰንሰለት ከዘንጉ ሥር አጣምራችሁ ማሰር ያስፈልጋል። ዘንጉ ከጋንቾው ቢወጣ በጥምሩ ሰንሰለት ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልት ላይ አይተከልም።

አሁን ወደ ባልየው ጥያቄ። አውሮፓ ውስጥ እስከ 750 ኪሎ ጠቅላላ ክብደት ያለው ተሳቢ ያለ ፍሬን መጎተት ይፈቀዳል። የእኛዋ ከዚያ በታች ናት። ግን በየመቶ ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 600 ኪሎ ተሳቢ መኪናውን ከኋላ በ60 ኪሎ ያህል ኃይል ያለማቋረጥ ይገፋዋል። ቀጥ ባለ መንገድ ይቻላል። ኩርባ ላይ ፍሬን ሲያዝ ግን ግፊቱ ቀጥታ አይመጣም፤ የመኪናውን ቂጥ ወደ ጎን ነው የሚገፋው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ተነስቶ በደብረ ሲና አድርጎ ከ1,300 ሜትር በታች ወዳለው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ይህ ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ፍሬንም ይግላል፤ የጋለ ፍሬን አይዝም።

ስለዚህ መልሴ እንዲህ ነበር፦ ወደ ደብረ ብርሃን ብቻ ከሆነ ጭነቱን ከ5 ኩንታል አታሳልፉ፣ የመኪናው ፍሬን ደህና ይሁን፣ ይበቃል። ጣርማ በርን ጭነው የሚወርዱ ከሆነ ግን በራሱ ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያስገጥሙ። እሱም ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ ዘንጉ ውስጥ ያለው ክፍል ተጨምቆ የተሳቢውን የራሱን ጎማ የሚይዝ ነው። ያም ሆነ ይህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በፍሪ አትውረዱ። ባልየው ለበዓል ደብረ ሲና ዘመድ ጋ እንደሚወርዱ ነገሩኝ። ከኋላ የባለቤታቸው ድምፅ ተሰማ፦ «በሚኒባስ ነው የምንወርደው!» እኔም በእሳቸው ተስማማሁ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ የፊት መኪና ቂጥ አይታይም። የተሳቢው ቀይ መብራት፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት መሥራት አለባቸው፤ ጎንና ኋላው ላይ አንጸባራቂ ይለጠፍ። መብራቱ ቦግ እልም የሚል ከሆነ አምፖሉን ከመቀየር በፊት ኔጌቲቩን እዩ። ብዙ ሰው በጋንቾው ብረት በኩል እንዲያልፍ ይተወዋል፤ ቅባትና ዝገት ይቆርጠዋል። የራሱን ገመድ ስጡት።

ይህን ሁሉ ከማስቆረጣችሁ በፊት የዞናችሁን የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተሳቢንም ይመለከታል፤ አክስል የተዛወረበት ተሳቢ ሳይመረመር ቢወጣ አደጋ በደረሰ ቀን የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።

የመዘዞዋ ተሳቢ ከብየዳ በኋላ ድንች ተጭናባት ስትመዘን 58 ኪሎ አነበበች። አጣና ሲጫን ወፍራሙ ወገን ወደ ፊት ይዞራል፣ ወደ ኋላ የሚወጣውም አጥሮ ይቆረጣል። ጭድ ከተከመረ ቀላል ነው ተብሎ አይናቅም፤ ከፍ ስለሚል ነፋስ ይይዘዋል። ግማሽ የተሞላ የውሃ በርሜልም ኩርባ ላይ ውሃው ራሱ ስለሚሄድ ወይ ሙሉውን ይሁን ወይ ባዶውን።

ቢሆንም መንገድ ላይ መወዛወዝ ከጀመረች፦ ፍሬን አትርገጡ፣ ነዳጅም አትጨምሩ፣ መሪውንም ለመመለስ አትታገሉ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ትረጋለች። ከዚያ ዳር ይዛችሁ ጭነቱን ወደ ፊት አዛውሩ።

እናትየው በመጨረሻ ስለ በጎች ጠየቁኝ። ለገበያ አምስት ስድስት በግ ሲጫን በጎቹ ሁሉም ወደ ኋላ ይሰበሰባሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ድንች ባለበት ይቀመጣል፣ በግ ግን ይሄዳል። ካሶኒው ከአክስሉ ትንሽ ኋላ በእንጨት ይከፈልና በጎቹ ከፊት ይሁኑ አልኳቸው። ሰው ግን፣ ለሠርግም ለጥምቀትም ቢሆን፣ ከፊትም ከኋላም አይጫንባትም።