ፍርድ ቤት መሄድ ከእምነት መውጣት አይደለም

በየአጥቢያችን መንፈሳዊ መስሎ የሚሰጥ፣ ደካማውን ግን የሚጎዳ አንድ ምክር አለ። ባሏ የሚደበድባት ወይም ልጆቿን ጥሎባት የሄደ እህት ወደ ሽማግሌዎች ትመጣለች። "ጸልዪ፣ ታገሺ" ትባላለች። ወራት ያልፋሉ፤ የቤት ኪራይ ይከማቻል፤ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይጠየቃሉ። ጨንቋት "ፍርድ ቤት ልሂድ?" ስትል 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ይነበብላትና አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች።

ይህን ምክር እቃወማለሁ። የምቃወመውም መጽሐፍ ቅዱስን ይዤ ነው።

ጳውሎስ በዚያ ምዕራፍ የገሠጸው ማንን ነው? በቁጥር 7 መበደልን መታገሥ እንደሚሻል ይናገራል። በቁጥር 8 ደግሞ ወንድሞቻቸውን የሚበድሉትንና የሚያታልሉትን ፊት ለፊት ይወቅሳል። እኛ ግን ቁጥር 7ን ለሚስት እናነብባለን፤ ቁጥር 8ን ለባል ማንበብ እንረሳለን። ደግሞም ይኸው ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 25 በኢየሩሳሌም በከሳሾቹ መካከል ከመዳኘት ይልቅ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። በሮሜ 13ም ባለሥልጣን ክፉ አድራጊን የሚቀጣ የእግዚአብሔር አገልጋይ እንደሆነ አስተምሯል። ሐዋርያው ራሱ የተጠቀመበትን በር በእህታችን ላይ የምንዘጋው በማን ሥልጣን ነው?

የአገራችንን ሕግም እንወቅ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ይወስኑ የነበሩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ለውጧል። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ጋብቻን የማፍረስ ሥልጣን ግን የፍርድ ቤት ብቻ ነው። በርካታ ክልሎችም የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በየአካባቢያችሁ ጠይቁ። እንግዲህ የአጥቢያ ሽማግሌዎች "ተለያይተው ይኑሩ፣ ቤቱ ለእሱ፣ ልጆቹ ለእሷ" ብለው የሚፈርሙት ወረቀት ፍቺ አይደለም። ባልየው ቀለብ መስጠቱን ቢያቆም ማን ያስገድደዋል? በስሙ የተመዘገበውን ቤት "የእኔ ነው" ቢልስ? በሕጉ ግን የአንዱ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ይህን ሳያውቁ የሚያካፍሉ ሽማግሌዎች ሳያስቡት የጉልበተኛው ጠበቃ ይሆናሉ።

ስለ ልጆች ደግሞ ይበልጥ እንጠንቀቅ። አንዳንዱ "ልጅ የአባቱ ነው" ይላል፤ ሌላው ልጆቹ "ለበደል አልባው ወገን" ይሰጡ ይላል። ልጅ ግን የካሣ ዕቃ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ይመለከታል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 የልጁ ጥቅም ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዝዛል። ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዳይመጡ የከለከሉትን የተቆጣ ጌታ ይህን መመዘኛ የሚጠላ ይመስላችኋል? ባል ሲሞትም እንዲሁ ነው። በሕጉ በሕይወት የቀረው ወላጅ ብቻውን የልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት ነው። ከቀብር ማግስት "የልጆቹን ንብረት እኛ እንይዛለን" የሚሉ ዘመዶች ሲነሡ ቤተ ክርስቲያን ከመበለቲቱ ጎን መቆም አለባት።

"መጋቢ፣ ይህ ፍቺን ማበረታታት አይሆንም?" የሚለኝ ይኖራል። አይሆንም። በማቴዎስ 19 ጌታ ስለ ጋብቻ የተናገረውን ሙሉ በሙሉ አምናለሁ። ሚልክያስ 2ንም አምናለሁ፤ ነገር ግን ያ ክፍል የሚወቅሰው በልጅነት ሚስቱ ላይ ተንኰል ያደረገውን ሰው እንጂ ፍትሕ የጠየቀችውን ሴት አይደለም። ሕጉም ቢሆን ለፍቺ አይቸኩልም። ዳኛው ባልና ሚስት በራሳቸው ወይም በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ይሞክራል፤ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። የፍቺ ጥያቄ እንደቀረበለት ደግሞ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ትእዛዝ ይሰጣል። ስለዚህ ዕርቁ እየተሞከረ ልጆቹ አይራቡም። እኛስ ለዕርቅ ስንጸልይ ይህን ያህል አስበንላቸዋል?

የሽምግልና ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ ወንድሞች እንዲህ እላለሁ። ለማስታረቅ ትጉ፤ ዕርቅ የቤተ ክርስቲያን ክብር ነው። በዳዩን ግን በስሙ ጠርታችሁ ገሥጹት፤ ንስሐ ሳይገባም መድረክ አትስጡት። የተደበደበችን ሴት ወደ ደብዳቢዋ አትመልሱ። ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ሲሆን "ከእኛ አይደለሽም" አትበሏት፤ ሕግ የሚያውቅ ምእመን ፈልጉላት፤ በቀጠሮዋም ቀን አብሯት የሚሄድ ሰው መድቡ።

ለአንቺም፣ እህቴ፤ በዚህ መንገድ ለምታልፍ ወንድሜም እላለሁ፦ ልጆችህን በእውነት ለማሳደግ፣ የሚገባሽን ለመጠየቅ ዳኛ ፊት መቆም ከእምነት መውጣት አይደለም። የሚከለከለው ውሸት፣ በቀልና ልጅን መሣሪያ ማድረግ ነው።

ጌታችን በሉቃስ 18 ሳትታክት ወደ ዳኛ የተመላለሰችውን መበለት አንሥቶ ስለ ጸሎት ሲያስተምር፣ ለምን ወደ ዳኛ ሄደች ብሎ አልነቀፋትም። እኛም አንነቅፍም። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።